የሐረጎ ሹራብ

ከደሴ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለመኪና ይህ ከቁም ነገር የሚገባ ርቀት አይደለም፤ ጉዱ ያለው ሐረጎ የሚባለው ቁልቁለት ላይ ነው። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ጉብ ብላለች፤ ኮምቦልቻ ደግሞ ቦርከናን ይዛ 1,850 ሜትር አካባቢ ተዘርግታለች። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ፣ ሐረጎን የወጣ ሰው ከ4 ዲግሪ በላይ ሙቀት ታች ጥሎ ይመጣል። ብቻውን የሚሄድ ሰው ይህን በአንድ ጃኬት ይወጣዋል። ሁለት ትንንሽ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ግን ከመስከረም እስከ ኅዳር ያሉትን ወራት የሚገፋው “ይልበስ፣ አይልበስ” በሚል የማያልቅ ሙግት ነው።

ለወጉ እንዲመቸን ከእንዲህ ያሉት ቤተሰቦች አንዱን እናስብ። አባት ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ይሠራል፤ ፓርኩ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ማለዳ ማለዳ ሰርቪስ እየጠበቁ ሐረጎን ከሚወርዱት ደሴዎች አንዱ ነው። እናት ደሴ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛ ናት። ትልቋ ልጅ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብታለች። ትንሹ ሦስት ዓመቱ ነው ይባላል፤ ስለ ዕድሜው ወደ በኋላ እንመለስበታለን። የአባት እናት ደሴ፣ የእናት እናት ኮምቦልቻ ይኖራሉ። የደሴዋ አያት የማርያም ጽዋ ይጠጣሉ፤ የኮምቦልቻዋ አምስት ወቅት ይሰግዳሉ። በወሎ ይህ ወሬ አይሆንም። ሁለቱ አያቶች ተስማምተው የማያውቁት በሃይማኖት ሳይሆን በሹራብ ነው።

በጥቅምት ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ደሴ ውስጥ በገዛ ፈቃዱ ከአልጋ የሚነሣ ልጅ የለም፤ ከብርድ ልብሱ ተጎትቶ የሚወጣ ነው ያለው። እናት ትንሹን ካናቴራ፣ በላዩ ሸሚዝ፣ በላዩ ሹራብ፣ በላዩ ጃኬት ታለብሰዋለች። ካልሲው ሁለት ነው፤ ኮፍያው ጆሮ ድረስ ይወርዳል። ልጁ ክንዱን ማጠፍ አቅቶት እጁን ግራና ቀኝ እንደዘረጋ በሩ ላይ ሲቆም፣ ያኔ ነው “ሽንቴ መጣ” የሚለው።

እንግዳ ሰው ደሴ የምትበርደው በክረምት ይመስለዋል። በሐምሌና በነሐሴ ቀኑ ጨለምለም ቢልም፣ ሌሊት ደመናው ለምድሪቱ ጋቢ ይሆንላታልና የቀኑ ሙቀት በቀላሉ አያመልጥም። ዝናቡ ሲያባራ ሰማዩ ይጠራል፤ መሬትም ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት መልሳ ትለቀዋለች። ጎሕ ሲቀድ ያለው ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ደጋው ሜዳ ላይ ውርጭ የሚያድርበትም ጊዜ አለ። ያው የጠራ ሰማይ ግን ረፋዱ ላይ ፀሐይዋን ያለ ከልካይ ይለቃታል። ማለዳ ስትንቀጠቀጥ የሄደችው የአንደኛ ክፍል ተማሪ 6 ሰዓት ላይ ስትመለስ ግንባሯ በላብ ርሷል። ሹራቧ ወይ ወገቧ ላይ ታስሯል፣ ወይ “ትምህርት ቤት ነው ያለው።” ትምህርት ቤት የቀረ ሹራብ ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ እናት አይታ አታውቅም።

አባት በዚህ ወቅት ከአፉ የማይለየው ተረት አለ፤ “በጥቅምት አንድ አጥንት” ይላል። ብርዱን የሚረታው መረቅ ነው ለማለት ነው። ችግሩ ያለው የቀን መቁጠሪያው ላይ ነው። እናቱ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉትን 40 የጽጌ ቀናት ይፆማሉ፤ ፆሙ የፈቃድ ነው፣ እሳቸው ግን ለድርድር አያቀርቡትም። ኅዳር 15 ደግሞ የነቢያት ፆም ይገባል። ስለዚህ ቤተሰቡ ከአያት እስከ ልጅ አንድ ማዕድ ከብቦ አጥንት መጋጥ የሚችልባቸው ቀናት ከኅዳር 6 እስከ 14 ያሉት ብቻ ናቸው፤ ከነሱም ረቡዕና ዓርብ ይቀነሳሉ። ከየትኛው ሥጋ ቤት ይገዛል የሚለውን ጥያቄ ባልና ሚስቱ ገና ሲጋቡ ስለፈቱት እዚህ አናነሣውም። “ታዲያ በጥቅምት የተባለው የት ሄደ?” ይላል አባት። “በጥቅምት ሽሮ ሞቅ አድርገህ ብላ” ትለዋለች ሚስቱ።

የሹራብ ምንጩ ሁለት ነው። አንደኛው የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሲሆን፣ “ለከርሞም ይሆናታል” ተብሎ ሁለት ቁጥር ከፍ ብሎ ይገዛል። መስከረም ላይ እጅጌው ጣቶቿን ይውጣል፤ ፋሲካ ሲቃረብ ልኳ ይሆናል፤ ልኳ በሆነ ሳምንት ይጠፋል። ሁለተኛው ምንጭ ሰልቫጅ ነው። የትንሹ ሹራብ ከሰልቫጅ ክምር ተመርጦ የተገዛ፣ ደረቱ ላይ ቀንዱ የተንዠረገገ አጋዘንና ነጫጭ የበረዶ ኮከቦች ያሉበት ነው። አንድ የሩቅ አገር ልጅ ገና ለገና ብሎ ለብሶት ሳይሆን አይቀርም፤ የደሴው ልጅ ለመስቀል ለበሰው። የኮምቦልቻዋ አያት ባዩት ቁጥር “ይኼ ፍየል ምን ነክቶት ነው ቀንዱ እንዲህ የሆነው?” ይላሉ።

ፈረንጅኛው ወቅት ወደዚህ ቤት የሚገባው በሹራብ ብቻ አይደለም። ትልቋ አንድ ቀን አራቱ ወቅቶች የተሣሉበት የቤት ሥራ ወረቀት ይዛ መጣች። ከክረምት በፊት ያለው ሥዕል ላይ ቅጠሉ ቡናማ ሆኖ የረገፈ ዛፍና ቅጠል የሚጠርግ ልጅ አለ። በመስኮት ወደ ጦሳ ቀና ብላ አየች፤ ባሕር ዛፉ እንዳለ አረንጓዴ ነው። ከሥሩ ያለው መስክ ጭራሽ ጥቅምት ደርሶም የአደይ አበባ ቢጫ አለቀቀውም። “ይኼን ዛፍ ምን ነካው?” ብላ ጠየቀች። አባት ስለ ፀሐይና ስለ ምድር ዘንግ ሊያስረዳ ጉሮሮውን ሲጠርግ የደሴዋ አያት ቀደሙት፦ “ብርድ መትቶት ነዋ! ማን ሹራብ አለበሰው?”

መስከረም ራሱ ለትምህርት የተመቸ ወር አይደለም። እንቁጣጣሽ መስከረም 1፣ ደመራ በ16፣ መስቀል በ17 ነው። መውሊድ የጨረቃ አቆጣጠርን ተከትሎ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ስለሚቀድም፣ አንዳንድ ዓመት እዚሁ መሐል ይገባል፤ በ2017 ዓ.ም. መስከረም 5 ቀን ውሎ ነበር። ለእንዲህ ዓይነት ቤተሰብ ልጆች ይህ ማለት በአንድ ወር ውስጥ ሁለት አያት፣ ሁለት ዓይነት ድግስ፣ አንድ ሆድ ነው።

ከዚያ ግሸን ይመጣል። መስከረም 21 ቀን በግሸን ደብረ ከርቤ የሚከበረውን በዓል ለመሳለም ከየአቅጣጫው የሚጎርፈው ምእመን ብዙው ኮምቦልቻንና ደሴን አልፎ ነው የሚሄደው። በዚያ ሰሞን ሚኒባስ ይጠፋል፣ የሆቴል አልጋ ይሞላል፣ ለዓመታት ድምፁ ያልተሰማ የአዲስ አበባ ዘመድ “ደሴ ገብቻለሁ፣ ቤታችሁ እንዴት ነበር የሚመጣው?” ብሎ ይደውላል። የልጆቹ አልጋ ለእንግዳ ይለቀቃል። ልጆቹ ሳሎን ፍራሽ ላይ ይተኛሉ፤ እነሱ በዚህ ደስታቸው ወሰን የለውም። እንግዶቹ ግን ከአዲስ አበባ የመጡት በስስ ነጠላ ስለሆነ፣ በማግስቱ ከቤቱ የሚወጡት የአባትን ሹራብና የእናትን ፎጣ ደርበው ነው። ሹራቡ ግሸንን ተሳልሞ መመለሱ የሚረጋገጠው ከሰነበተ በኋላ ነው፤ ከተመለሰ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተሰቡ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ሲነሡ የደሴዋ አያት በሩ ላይ ቆመው “ልጁን ራቁቱን ነው እንዴ የምትወስዱት?” ይላሉ። ልጁ በዚያን ሰዓት አራት ድርብ ለብሷል።

ሚኒባሱ ውስጥ የመጀመሪያው ክርክር የወንበር ነው። እናት “ታቅፌው ነው የምሄደው” ትላለች፤ ረዳቱ “እናት፣ ይኼ እኮ ወንበር የሚይዝ ልጅ ነው” ይላል። ልጁ በሦስት ዓመቱ ነፃ ተሳፋሪ ነው፤ ረዳቱ ደግሞ ይኼ ልጅ አምናም ሦስት ዓመቱ እንደነበረ ትዝ የሚለው ይመስላል። ሁለተኛው ክርክር የመስኮት ነው። አየር ይግባ የሚለው ወገንና ነፋስ አይምታን የሚለው ወገን ሐረጎ እስኪያልቅ አይታረቁም። በዚህ መሐል ልብሶቹ በየኩርባው ይወልቃሉ። ጃኬቱ ገና ከተማው ዳር ላይ፣ ኮፍያው ከጥቂት ኩርባ በኋላ፣ ሹራቡ ቁልቁለቱ ሲጋመስ፤ ኮምቦልቻ ሲደርሱ ልጁ በካናቴራ፣ እናትየው የልብስ ክምር አቅፋ ትወርዳለች።

ሐረጎ ልጅ የሚፈትን መንገድ ነው። ከጂቡቲ መስመር የሚመጡትና ወደ ሰሜን የሚያልፉት ከባድ መኪኖች ዳገቱን እያቃሰቱ ሲወጡ፣ ሚኒባሱ ይቀድማል፣ ፍሬን ይይዛል፣ ይጠመዘዛል። ትልቋ ሎሚ እያሸተተች ዓይኗን ትጨፍናለች። ትንሹ ግን በሎሚ የሚሸነገል አይደለም፤ እሱ የሚያምነው ፌስታል ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚያግደውን አዋጅ ካጸደቀ ወዲህ እናት ቤት ውስጥ የተረፉትን ፌስታሎች አጥባ፣ አድርቃ፣ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ትይዛለች። ሕጉን ትደግፋለች። ሐረጎን ግን ታውቀዋለች።

ኮምቦልቻ ሲደርሱ ዓለም ይገለበጣል። “ኧረ ይኼን ልጅ ማን ነው እንዲህ ጠቅልሎ የላከው!” ይላሉ አያት፤ ካናቴራውንም ጭምር ያወልቁታል። ግቢው ውስጥ ከቃሉ ገጠር የመጣ ጥንቅሽ ተከምሮ ይጠብቃቸዋል። ልጆቹ ልጣጩ ከንፈራቸውን እየቆረጠ፣ ጭማቂው በክርናቸው እየወረደ ሲያኝኩ ይውላሉ። አገዳው ሲያልቅ የበቆሎ እሸት ፍም ላይ ይወጣል። ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ሲጠጣ አያት ለልጆቹ ዱአ ያደርጋሉ፤ ዱአው ረዥም ስለሆነ ትንሹ “አሚን” ለማለት ቸኩሎ መሐል መሐል ላይ ያቋርጣቸዋል።

መሸት ሲል ደግሞ የኮምቦልቻ ጭንቀት ይጀምራል፤ ስሙም ትንኝ ነው። በኢትዮጵያ በአመዛኙ የወባ አካባቢ የሚባለው ከ2,000 ሜትር በታች ያለው ምድር ነው፤ ዋናው የመተላለፊያ ወቅትም ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ነው። የዝናቡ ውኃ በየጉድጓዱ ይቀራል፣ ፀሐይ ያሞቀዋል፣ ትንኟ ትፈለፈላለች። ደሴ ብርድ ልብስ የሚቆጥሩት ልጆች እዚህ አጎበር ሥር ይተኛሉ። ትንሹ አጎበሩን ድንኳን አድርጎታል፤ በገባና በወጣ ቁጥር ትንኟንም አብሮ ያስገባታል። እናት በእጅ ስልክ መብራት ትንኝ ስታሳድድ ታመሻለች፤ ከደሴ ይደወልና “ልጁ ለበሰ?” ይባላል። “ለብሷል እማማ” ትላለች፣ ልጁ በፓንት ብቻ እየዘለለ።

አንድ ቀን እናት ዴንማርክና ስዊድን ውስጥ ሕፃናት በብርድ ወራት ጭምር በጋሪ ተጠቅልለው ውጭ አየር ላይ እንደሚተኙ፣ ይህም ለጤናቸው ይበጃል ተብሎ የኖረ ልማድ እንደሆነ ለሁለቱም አያቶች ነገረቻቸው። የደሴዋ “እናታቸው የት ሄዳ?” አሉ። የኮምቦልቻዋ ደግሞ ለአፍታ አሰብ አድርገው “ትንኝ የላቸውማ” አሉ። በታሪካቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀራረቡት በዚህ ነበር።

ጉንፋን የማይቀር ነው። ትንንሽ ልጆች በዓመት ከስድስት እስከ ስምንት ጊዜ ጉንፋን ሊይዛቸው እንደሚችል ሐኪሞች ይናገራሉ፤ መንሥኤውም ቫይረስ እንጂ ብርዱ ራሱ አይደለም። ትምህርት ቤት ሲከፈት ሃምሳ አፍንጫ አንድ ክፍል ውስጥ ሲገናኝ የሚሆነው ግልጽ ነው። ይህን ለአያቶች ማስረዳት ግን ሌላ ነገር ነው። የደሴዋ አያት “ኮምቦልቻ አውልቀውት መጣ” ይላሉ። የኮምቦልቻዋ “ደሴ ወስዳችሁ አበረዳችሁት” ይላሉ። በሕክምናው ላይ ግን አንድ ናቸው፤ ዳማከሴ ይታሻል፣ ጭማቂው ግንባር ይቀባል፣ ከቡና ጋር ጠብታው ይጠጣል። እናት በበኩሏ ጤና ጣቢያ የተነገራትን ይዛለች፤ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ የሚያስለውና በደቂቃ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚተነፍስ ከሆነ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት። ስለዚህ ስልኳን ይዛ የልጁን ሆድ እያየች ትቆጥራለች። ልጁ መቆጠሩ ያስቀዋል። ሲስቅ ቁጥሩ ይበላሻል፤ እንደገና ከአንድ ይጀመራል። ሦስተኛው ሙከራ ላይ እንዲህ የሚስቅ ልጅ ደኅና ነው ተብሎ ይወሰናል።

የደሴ የጥቅምት ምሽት የሚገፋው ከሰል ዙሪያ ነው። ከሰሉ ውጭ ተቀጣጥሎ፣ ጭሱ ወጥቶ፣ ፍም ሲሆን ይገባል፤ ሊተኙ ሲሉ ደግሞ መልሶ ይወጣል። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ የተዘጋ ቤት ሙሉ ሰው በተኛበት ያስቀራልና በዚህ ላይ እናት ቀልድ አታውቅም። ፍሙ ባለበት ሰዓት አባት ታሪክ ያወራል። ስለ ንጉሥ ሚካኤል፣ ስላሠሩት የአይጠየፍ አዳራሽ፣ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ ጦራቸውን ይዘው ወደ ሸዋ ስለ መዝመታቸው፣ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ስለ መሸነፋቸው።

“ጥቅምት ነበር?” ትላለች ትልቋ።

“አዎ።”

“ሹራብ ነበራቸው?”

“በርኖስ ነበራቸው።”

“እሱን ማን አለበሳቸው?”

አባት ወደ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ያልፋል፤ የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ስለ ደበደቡበት፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ፎቶግራፍ ስለ ተነሡበት ቀን። እናት ከዚህ በኋላ ወሬውን ታስቀይራለች። ምክንያቱም ቀጥሎ የሚመጣው ከመጽሐፍ የሚወራ አይደለም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሁለቱም ከተሞች ሲደርስ ብዙ ቤተሰብ ልጅ አዝሎ፣ ያገኘውን ልብስ ደራርቦ ወጥቷል፤ ከተሞቹ ወደ መንግሥት እጅ የተመለሱት ኅዳር ሊያልቅ ሲል ነው። ትልቋ ያኔ ሦስት ዓመቷ ነበር። ስትጠይቅ ይነገራታል፤ ገና አልጠየቀችም።

ኅዳር 12 ቀን የሚታጠንበት ምክንያት ግን ለልጆች ይነገራል። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው የኅዳር በሽታ ኢትዮጵያም ገብቶ ብዙ ሰው ፈጀ፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቀን ቆሻሻ ተጠራርጎ በየደጁ ይቃጠላል፣ በሽታም በጭሱ ይባረራል ይባላል። የደሴዋ አያት ግቢውን ገና በጠዋቱ አስጠርገው፣ ቅጠሉን አስከምረው፣ ክብሪት ይዘው ቆሙ። በረት የለ ከብት የለ፣ ክምሩ ግን ተራራ አክሏል። ጭሱ ሰፈሩን ሲሞላው ሁለት ወር ሙሉ ሳል ስታባርር የከረመችው እናት የልጆቹን አፍና አፍንጫ በነጠላዋ ሸፈነች። ሁለቱም ማሳል ጀመሩ። ልክ በዚያን ጊዜ ከኮምቦልቻ ተደወለ፤ “ጭስ ውስጥ ምን ታደርጋላችሁ? ልጆቹን ይዛችሁ ውረዱ እንጂ!”

ወረዱ። ሚኒባሱ ሊሞላ ሁለት ሰው ሲቀረው ደረሱና ረዳቱ ትንሹን ከላይ እስከ ታች አየው።

“እናት፣ ይኼ ልጅ ስንት ዓመቱ ነው?”

“ሦስት” አለች እናት፣ ዓይኗን መስኮቱ ላይ ተክላ።

“አራት!” አለ ልጁ፣ ከጓንቱ ያወጣቸውን አራት ጣቶች ለተሳፋሪው ሁሉ እያሳየ። “ትናንት ሞላኝ! ኬክ በላሁ!”

ሚኒባሱ ሳቀ። እናት የወንበሩን ከፈለች። ልጁ በገዛ ወንበሩ ላይ ተንደላቆ ተቀምጦ የከተማውን መውጫ እንዳለፉ፣ የመጀመሪያዋ ኩርባ ላይ ፊቱ ተቀየረና እናቱ ጭን ላይ ወጣ። ረዳቱ ባዶውን ወንበር አየ፤ መንገድ ዳር ቅርጫት ይዘው የቆሙ አዛውንት እጃቸውን ሲያነሡም አየ። ሚኒባሱ ቆመ።

“ወንድሜ፣ ይኼ ወንበር ተከፍሎበታል” አለች እናት።

“ታቅፈሽው የለም እንዴ?” አለ ረዳቱ፣ በሩን እየከፈተ።